የጎጃምን ሸማ በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ፦ የጨረታ ማስተዳደሪያ አገልግሎት አጠቃቀም

ጨረታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በኩር ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ፣ የታሸገውን ፖስታና ሲፒኦውን ነው። የኢንተርኔት ጨረታ ግን ከዚያ ይልቅ ሐራጅን ይመስላል። ዋጋው ሁሉም እያየው ይወጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፤ ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው ይወስዳል። በዚህ ገበያ ስሙ ከሁሉም የገነነው ኢቤይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምር መጀመሪያ የተሸጠበት ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ገዢው የተበላሹ ሌዘሮችን የሚሰበስብ ሰው ነበር። እዚህ ገበያ ላይ ዕቃው ፈላጊውን ያገኛል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም እንጅባራ ተቀምጦ የእጅ ሥራን ለውጭ ገዢ በጨረታ መሸጥ ለሚያስብ ሰው ነው። ሸማኔዎቻችን የሚሠሩት ሥራ ከሚያወጣው ዋጋ በታች እየተሸጠ ነው ብዬ አምናለሁ። ጨረታ ይህን ሊያስተካክል ይችላል። የሚያስተካክለው ግን ሥራው በሥርዓት ከተያዘ ብቻ ነው።

አገልግሎቱ ምን ይሠራል?

አንድ ነጠላ በጨረታ መሸጥ ቀላል ነው። ሃያ ነጠላ ሲሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ፎቶ መጫን፣ መግለጫ መጻፍ፣ ሰዓት መያዝ፣ ላሸነፈው መልእክት መላክ፣ ያልከፈለውን ማስታወስ፣ የቀረውን ዕቃ መቁጠር፣ ያልተሸጠውን እንደገና ማውጣት፤ ይህ ሁሉ በእጅ ሲሠራ ቀኑን ይበላዋል። የጨረታ ማስተዳደሪያ አገልግሎት ይህን የሚሸከም ፕሮግራም ወይም ድርጅት ነው።

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው እናንተው የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ነው፤ ወርኃዊ ክፍያ ወይም ከሽያጩ ትንሽ መቶኛ ይጠይቃል። ሁለተኛው ዕቃውን ተረክቦ ፎቶ ከማንሳት እስከ መላክ ያለውን ሁሉ የሚሠራላችሁ ሻጭ ነው። ይህኛው ኮሚሽኑ ጠንከር ይላል፤ ሥራው ግን ከእናንተ ላይ ይወርዳል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሰዓቱንና ቁጥሩን ለአገልግሎቱ ስጡ። መግለጫውን፣ መነሻ ዋጋውንና አስተሻሸጉን ግን ለማንም አትስጡ። ገንዘቡ የሚገኘውም የሚጠፋውም እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው።

ለጎጃም ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። መብራት ሲሄድ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ጨረታው አይቆምም። ቀድማችሁ ያዘጋጃችሁት ዝርዝር ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ፣ እናንተ ጨለማ ውስጥ ሆናችሁም በተባለው ደቂቃ ይወጣል።

መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚገባ እወቁ

ብዙ ሰው ከፎቶ ይጀምራል። ከገንዘቡ ጀምሩ። የመሸጫ አካውንት ስትከፍቱ ክፍያው የሚገባበት ባንክ ወይም የክፍያ ድርጅት ይጠየቃል፤ እሱም በሻጩ ስም መሆን አለበት። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ሆናችሁ የምትጠቀሙበት ሕጋዊ የክፍያ መንገድ መኖሩን ከገበያውም ከባንካችሁም ጠይቁ። ስማችሁ በፓስፖርቱ፣ በፋይዳውና በባንክ ደብተሩ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉንም ተመልከቱ። አንዷ ፊደል ብትለይ ማረጋገጫው ሊያስቸግራችሁ ይችላል።

የሰው አካውንት ተውሶ መሸጥ አያዋጣም። ሲደረስበት ይታገዳል፤ ውስጡ ያለው ገንዘብም አብሮ ይያዛል። ከዚያ ይልቅ ውጭ ያለ የታመነ ዘመድ በራሱ ስምና በራሱ አካውንት ይሽጥላችሁ። ያኔ እሱ ኮሚሽን ተቀባይ ሻጭ ሆነ ማለት ነው። ዘመድ ቢሆንም በጽሑፍ ተስማሙ። ስንት በመቶ እንደሚወስድ፣ ያልተሸጠው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ፣ ገዢ ዕቃ ቢመልስ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ይጻፍ። ወረቀት ዝምድናን ይጠብቃል እንጂ አያበላሽም።

ንግድ ፈቃድን በተመለከተ በአካባቢያችሁ ያለውን የንግድ ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ አነጋግሩ። ለውጭ ገበያ በቋሚነት የሚልክ ሰው የላኪነት ጉዳይ ይመለከተዋል።

የሚሸጠውን መምረጥ

ማር፣ ቅቤና በርበሬ የጎጃም ኩራት ናቸው። ለመጀመሪያ የጨረታ ሙከራ ግን አይሆኑም። ወደ አሜሪካ ለንግድ የሚገባ ምግብ ለአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ሌላም ጣጣ ይከተላል።

የእንጅባራ መንገድ ዳር የሚታየው የቀርከሃ ወንበርስ? ውብ ነው፤ ግን ቦታ ይይዛል። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። እንደ ዲኤችኤል ያሉ ፈጣን መልእክተኞች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም፤ በካርቶኑ መጠንም ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ይባዛል፤ ለ5,000 ይካፈላል። የሚገኘው ኪሎ ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ የምትከፍሉት በእሱ ነው።

አንዲት ሙዳይ በ30 በ30 በ30 ካርቶን ውስጥ ብትገባ 27,000 ለ5,000 ሲካፈል 5.4 ኪሎ ይሆናል። ሙዳይዋ አንድ ኪሎ ባትሞላም የምትከፍሉት የ5.4 ኪሎ ነው። በ30 በ25 በ5 የታጠፈ ነጠላ ግን 0.75 ኪሎ ብቻ ይመጣል። ለዚህ ነው ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ ለመጀመሪያ የሚመረጡት። ይታጠፋሉ፤ አይሰበሩም።

ሌላው ጥያቄ ጨረታ ወይስ ቁርጥ ዋጋ የሚለው ነው። ዛሬ ኢቤይ ላይ አብዛኛው ዕቃ የሚሸጠው በቁርጥ ዋጋ ነው። ጨረታ የሚያዋጣው ተመሳሳይ የሌለው ዕቃ ሲሆን ነው። ጥለቱ ለብቻው የተሠራ ቀሚስ ለጨረታ ይሆናል። አንድ ዓይነት የሆኑ ሃያ ፎጣዎችን ግን ለጨረታ አታውጡ፤ እርስ በርሳቸው ዋጋ ይገዳደላሉ።

ፈጽሞ የማይሸጥ

ይህን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን የቆየ መስቀል፣ ጽና፣ ከአያት የወረደ ጥንታዊ ዕቃ ለጨረታ አይወጣም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ጎጃም ከጣና ገዳማት እስከ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም የቅርስ አገር ነው። አንድ ብራና ከወጣ አይመለስም። ማንም ሰው «ለፈረንጅ ብታወጣው ይህን ያህል ታገኛለህ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። አዲስ የተሠራ ዕቃ እንኳ የጥንት ከመሰለ ስትልኩት እንዳትያዙበት ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ያዙ። የዝሆን ጥርስና የዱር አውሬ ቆዳም እንዲሁ ክልክል ነው።

አገልግሎቱን መምረጥ

በነጻው ጀምሩ። ኢቤይ ለሻጮቹ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ሴለር ሃብ የሚባል ገጽ አለው። ለመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች እሱ ይበቃል። በተጨማሪም አዲስ ሻጭ በወር የሚያወጣው የዕቃ ብዛትና የገንዘብ መጠን ገደብ አለበት። ገደቡ ሳይነሳላችሁ ለብዙ ዕቃ የተሠራ ፕሮግራም መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

የሚከፈልበት አገልግሎት ስትመርጡ አምስት ነገር ጠይቁ። ሰዓት ይዞ ያወጣል ወይ? ያልተሸጠውን በራሱ መልሶ ያወጣል ወይ? አንድ ዕቃ በሁለት ገበያ ላይ ሲወጣ በአንዱ ከተሸጠ ከሌላው ያነሳዋል ወይ? ክፍያው በወር ነው ወይስ በሽያጭ? አምስተኛው ዋናው ነው፦ ዝርዝሬንና ፎቶዬን በፋይል አውጥቼ መውሰድ እችላለሁ ወይ?

አምስተኛውን ዋና ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ አገልግሎቶች ባለቤት ይቀያይራሉ፤ ይዘጋሉም። ቬንዲዮና ኦክቲቫ የሚባሉትን ሁለቱንም አሊባባ እ.ኤ.አ. በ2010 ገዛቸው። ቻነል አድቫይዘርን በ2022 ኮመርስ ሃብ ጠቀለለው። ኢቤይ ራሱ በነጻ ይሰጠው የነበረው ቱርቦ ሊስተር የሚባል ዕቃ ማውጫ ፕሮግራም ስንቱን ሻጭ ካስለመደ በኋላ ቀርቷል። የፎቶዎቻችሁ ብቸኛ ቅጂ የሰው ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ አገልግሎቱ የተዘጋ ዕለት ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ፎቶውንም የኤክሴል ዝርዝሩንም በፍላሽ ያዙ።

ፎቶና መግለጫ

ፎቶ ጠዋት መስኮት አጠገብ አንሱ። ፍላሽ አታብሩ፤ የነጭ ሸማን ቀለም ያጠፋዋል። ነጭ ነጠላን ነጭ አቡጀዲ ላይ አታስቀምጡ፤ ጥቁር ወይም ቡና ዓይነት ጨርቅ ስር አንጥፉ። አንድ ፎቶ ሙሉው ተዘርግቶ። አንድ ጥለቱ በቅርብ። አንድ ጠርዙና ዘርፉ። አንድ ተለብሶ። አንድ ደግሞ ብርሃን ላይ ተይዞ፣ የድሩና የማጉ አሠራር እስኪታይ። ሙዳይ ከሆነ አጠገቡ ሲኒ አስቀምጡ፤ መጠኑን ዓይን ወዲያው ያውቀዋል። ክሩ የተሳበበት ወይም የቆሸሸ ቦታ ካለ እሱንም አንሱ። ጉድለቱን ቀድሞ ያየ ገዢ በኋላ ክርክር አያነሳም።

አገልግሎቶቹ «ቴምፕሌት» የሚሉት የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው። አንዴ ሞልታችሁ ለሁሉም ትጠቀሙበታላችሁ። ስለ አላላክ፣ ስለ ዕቃ መመለስና ስለ አስተጣጠብ ያለውን እዚያ አስገቡ። የዕቃውን መግለጫ ግን በየዕቃው ጻፉ።

ምን ይጻፍ? ርዝመትና ወርድ በሴንቲ ሜትርም በኢንችም። ክብደት። የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? ጥለቱ ላይ የገባው ክር ጥጥ ነው ወይስ ሌላ? ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። አሜሪካ የሚሸጥ ጨርቅ ከምን እንደተሠራና የት እንደተሠራ የሚገልጽ ምልክት እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። አብረቅራቂ ክር የገባበትን ጥለት «መቶ በመቶ ጥጥ» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ሸማኔውን ጠይቁት፤ እሱ ያውቀዋል። ከፈቀደም የትኛው ከተማ እንደተሸመነና ስንት ቀን እንደወሰደ ጨምሩ። የውጭ ገዢ ይህን ማንበብ ይወዳል። ለባለሙያውም ክብር ነው።

መነሻ ዋጋ

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የእናንተን ተኩበት። ነጠላው ከሸማኔው የተገዛው በ15 ዶላር ግምት ነው እንበል። ማሸጊያ 2 ዶላር። ገዢው ለመላኪያ 30 ዶላር ይከፍላል፤ እሱ እንዳለ ለፖስታ ይሄዳል። ገበያው 13 በመቶ ይወስዳል። የማስተዳደሪያው አገልግሎት ከዕቃው ዋጋ 3 በመቶ።

ጨረታው በ40 ዶላር ተዘጋ እንበል። አሁን ልብ በሉ፦ ኢቤይ ኮሚሽኑን የሚያሰላው በ40 ሳይሆን መላኪያው ተጨምሮ በ70 ነው። ስለዚህ 9.10 ዶላር ይሄዳል። አገልግሎቱ 1.20 ይወስዳል። መላኪያው፣ ማሸጊያውና የነጠላው ዋጋ ሲቀነስ የሚቀረው 12.70 ዶላር ነው።

በ25 ቢዘጋስ? የሚተርፈው 10 ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ነጠላ ወለሉ 25 ነው። መነሻውን 1 ዶላር አድርጉ፣ ተጫራች ይስባል የሚሏችሁ አይጠፉም። ብዙ ፈላጊ ላለው ዕቃ ያ ሊሠራ ይችላል። ገና ስም ላላወጣ ሻጭ ግን ድካምን በነጻ ማደል ነው። ከሱ በታች የማትሸጡበትን ድብቅ ዝቅተኛ ዋጋ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ተጫራችንም ያሸሻል። ግልጽ መነሻ ይሻላል።

አገልግሎቱ በ3 በመቶው ፈንታ በወር 20 ዶላር የሚያስከፍል ከሆነ ደግሞ፣ በወር አራት ነጠላ በ40 ከሸጣችሁ ለእያንዳንዱ 5 ዶላር ይደርሰዋልና 8.90 ይተርፋል። አንድ ብቻ ከሸጣችሁ ግን 6.10 ከስራችኋል። በወር ስንት እንደምትሸጡ ሳታውቁ የወር ክፍያ ውስጥ አትግቡ።

ገዢዎች እንዴት እንደሚጫረቱም እወቁ፤ አለዚያ ዋጋው ቆሞ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ተጫራቹ የመጨረሻ ጣሪያውን ለሲስተሙ በምስጢር ይነግራል፤ ሲስተሙ በሱ ፈንታ በትንሽ በትንሹ ይጨምራል። አንዱ ጣሪያው 60፣ ሌላው 45 ቢሆን ዋጋው 46 ላይ ይቆማል፤ 60 አይደርስም።

ከዚህ የተነሳ «ጓደኛዬ ገብቶ ዋጋ ያስወጣልኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ ማጭበርበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢቤይ ላይ አንድ ሥዕል 135,805 ዶላር ደርሶ፣ ሻጩ ራሱ ዕቃው ላይ ሲጫረት እንደነበር ሲታወቅ ጨረታው ተሰርዟል። ነገሩም ፍርድ ቤት ደርሷል።

ሰዓቱን መያዝ

አገልግሎቱ የከፈላችሁበትን ያህል የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። የ7 ቀን ጨረታ በተጀመረበት ሰዓት ይዘጋል። ፉክክሩ የሚሞቀው ደግሞ መዝጊያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ገዢዎቻችሁ እቤታቸው በሚቀመጡበት ሰዓት መዘጋት አለበት። እሑድ ምሽት ጥሩ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ዋሽንግተን እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሎስ አንጀለስ 12 ሰዓት ነው። ጎጃም ግን ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 11 ሰዓት ይሆናል። ለዚህ ሲባል ማንም ከእንቅልፉ መነሳት የለበትም። ፕሮግራሙ ላይ ቀንና ሰዓት ሞልታችሁ ተኙ።

ስትሞሉ ግን ተጠንቀቁ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እኛ 3 ሰዓት የምንለው እነሱ 9 ይሉታል። 3 ብላችሁ ከሞላችሁ በስድስት ሰዓት ትስታላችሁ። የሰዓት ክልሉ የኢትዮጵያ ነው ወይስ የአሜሪካ የሚለውንም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። መጀመሪያ በአንድ ዕቃ ሞክሩ፤ ከዚያ ሌላውን አስከትሉ። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ደቂቃ አትዝጉ። በአምስት በአምስት ደቂቃ አራርቁት፤ አንዱን ያጣ ገዢ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

ጨረታው ከተዘጋ በኋላ

ላሸነፈው መልእክት በራሱ እንዲሄድ አድርጉ፤ ጽሑፉን ግን ራሳችሁ ጻፉት። አጭር፣ ትሁት፣ ዕቃው መቼ እንደሚላክ የሚናገር ይሁን። ያላሰባችሁትን ቀን ቃል አትግቡ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመድረስ ራሱ መንገዱ ያለበትን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። በአራት ቀን ውስጥ ያልከፈለ ገዢ ካለ ኢቤይ ሽያጩን እንድትሰርዙ ይፈቅዳል። ያኔ ሁለተኛ ለወጣው ተጫራች ባቀረበው ዋጋ መስጠት ይቻላል። አገልግሎቱ ይህን ሁሉ ይከታተላል። የአዲስ ሻጭ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝ እንደሚችልም ቀድማችሁ እወቁ፤ ለሸማኔው «ነገ እከፍላለሁ» አትበሉ።

ክፍያው ሳይገባ ዕቃ አትላኩ። ስትልኩ ነጠላውን ፀሐይ ላይ በደንብ አናፍሱት፤ በተለይ ክረምት ላይ። እርጥበት ይዞ ላስቲክ ውስጥ የገባ ሸማ በመንገድ ይሻግታል። ከደረቀ በኋላ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት፤ ከላይ ላስቲክ፣ ከዚያ ፖስታው። እንደ ሙዳይ ያለ ስፌት ከሆነ ሆዱን በወረቀት ሙሉት፤ አፈርና ነቀዝ እንዳይኖረው አራግፉት። የኢትዮጵያ ፖስታ ኢኤምኤስ የሚባለው ፈጣን መልእክት መከታተያ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን ዕለቱን ሲስተሙ ላይ አስገቡ፤ ዕቃው አልደረሰኝም የሚል ክርክር ሲነሳ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ስለ ቀረጥ አንድ ነገር ተቀይሯል። ቀደም ሲል ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ቀረጡን ማን እንደሚከፍልና እንዴት እንደሚከፈል ፖስታ ቤቱን ጠይቁ፤ መግለጫችሁም ላይ ጻፉት። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ወይም «ስጦታ» ብሎ መሙላት ወንጀል ነው።

ለአገር ውስጥ ገዢ

ዶላርና ቀረጥ ለጊዜው ከከበዳችሁ አገር ውስጥ ተለማመዱ። በቴሌግራም ቻናል ሐራጅ ማካሄድ ይቻላል። መነሻ ዋጋውን፣ አነስተኛ ጭማሪውንና የመዝጊያ ሰዓቱን ከላይ ፒን አድርጉ። በመጨረሻው ደቂቃ ዋጋ ከገባ አምስት ደቂቃ ይጨመራል የሚል ደንብ ያዙ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፤ የላከላችሁን ስክሪንሾት ሳይሆን የራሳችሁን ሂሳብ አይታችሁ ዕቃውን ልቀቁ። ዕቃው በአውቶብስ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገዢው ላኩ። እዚህ ደግሞ ማስተዳደሪያችሁ አንድ የኤክሴል ገጽ ነው፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ሸማኔ፣ የተገዛበት፣ የተሸጠበት፣ የተላከበት። ይህን ገጽ ለጥቂት ወራት በትክክል የያዘ ሰው የሚከፈልበት አገልግሎት ያስፈልገው እንደሆነ ከራሱ ቁጥር ያገኘዋል።

አገልግሎቱን ማቆም ከፈለጋችሁም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በሂደት ላይ ያለ ጨረታ እስኪዘጋ ጠብቁ። ከዚያ የሽያጭ ታሪኩን፣ ዝርዝሩንና ፎቶዎቹን አውርዱ። በአገልግሎቱ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ፎቶ የሚጠቀም ማስታወቂያ ካለ ፎቶውን ቀይሩ፤ አለዚያ ባዶ ሳጥን ይታያል። አገልግሎቱ ወደ ኢቤይ አካውንታችሁ እንዲገባ የሰጣችሁትን ፈቃድ ሰርዙ። ቀጥሎ በካርዱ ላይ ያለውን ወርኃዊ ቅነሳ አቋርጡና በሚቀጥለው ወር መቆሙን በባንክ መግለጫው ላይ ተመልከቱ።